ቴኔሬ 660 ወይስ ቴኔሬ 700? ለጎንደር ሰው የቱ ይሻላል

ሁለት ሞተር ሳይክል ለሽያጭ ቀርቦላችኋል እንበል። አንዱ ያማሃ ቴኔሬ 660 ነው። ከአሥር ዓመት በላይ ሠርቷል፣ ጎኑ ተቧጭሯል፣ ወንበሩ ተሰፍቷል፣ ግን አንዴ ነካ ስታደርጉት ይነሳል። ሌላው ተተኪው ቴኔሬ 700 ነው። ቀለሙ ያበራል፣ ድምፁ ደስ ይላል፣ ዋጋው ሲነገር ግን ጭንቅላት ያስይዛል። ገንዘቡ ከየትም ይምጣ፣ ተገኝቷል እንበል። የቱን ትወስዳላችሁ?

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። ሞተር የምትፈልጉት እዚሁ ጎንደር ከተማ ውስጥ፣ ከማራኪ ፒያሳ፣ ከፒያሳ አዘዞ ለመመላለስ ከሆነ ሁለቱንም ተዉአቸው። ለዚህ ሥራ ቦክሰርም ቲቪኤስም ይበቃል። ነዳጅ ቆጣቢ ናቸው፣ መለዋወጫቸው በየሱቁ አለ፣ ጥገናቸውም ርካሽ ነው። እነዚህ ሁለቱ ዕቃ ጭኖ ከከተማ ለሚወጣ፣ ኮረኮንች ለሚገባ፣ ወጥቶም ለሚያድር ሰው ናቸው። ደባርቅ፣ ጃናሞራ፣ መተማ፣ ጎርጎራ የሚል ካለ ማንበቡን ይቀጥል።

የእኔ ፍርድ አጭር ነው። ለመንዳት 700 ይበልጣል። ጎንደር ላይ ይዞ ለመኖር ግን 660 ይቀላል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለምን እንዲህ እንዳልኩ ለማስረዳት ነው፤ ለአንዳንዶቻችሁ ፍርዱ የሚገለበጥበት ቦታም አለ።

የዘር ሐረጋቸውን ቶሎ ልለፈው። ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1979 (የሞተሮቹን ዓመት ሁሉ የምጠራው በዚሁ አቆጣጠር ነው) የመጀመሪያውን የፓሪስ–ዳካር ውድድር በኤክስቲ 500 አሸነፈ። በዚያ ሞቅታ ቴኔሬ የሚባለው ኤክስቲ 600 ዜድ በ1983 ወጣ። እኛ 660 የምንለው ኤክስቲ 660 ዜድ የመጣው በ2008 ነው። አውሮፓ የጭስ ደንቧን ስታጠብቅ ምርቱ በ2016 አካባቢ ቆመ። 700 ደግሞ በ2018 መጨረሻ ሚላን ላይ ለሕዝብ ታይቶ በ2019 ገበያ ገባ። በስም አባትና ልጅ ናቸው። ሞተራቸው ግን ፈጽሞ አይገናኝም።

660 ነጠላ ፒስቶን ነው። 48 የፈረስ ጉልበትና 58 ኒውተን ሜትር የማዞር ኃይል ያወጣል፣ አምስት ማርሽ አለው። 700 ሁለት ፒስቶን ሆኖ 689 ሲሲ ነው። 73 የፈረስ ጉልበት ገደማና 68 ኒውተን ሜትር ይሰጣል፣ ማርሹ ስድስት ነው። ክብደታቸው ነዳጅና ዘይት ተሞልቶ አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ 660 ወደ 206 ኪሎ፣ 700 ወደ 204። የመቀመጫ ከፍታቸው 895 እና 875 ሚሊ ሜትር ነው። የነዳጅ ታንካቸው ግን በጣም ይለያያል። አሮጌው 23 ሊትር ይይዛል፣ አዲሱ 16 ብቻ። ይህን ቁጥር ያዙት፣ ወደ መተማ ስንወርድ እንፈልገዋለን።

አሁን ደጋውን እንውጣ።

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አሥር በመቶ ገደማ ያጣል። ስለዚህ ፋብሪካው 48 ያለው ሞተር ጎንደር ላይ ወደ 38 ይወርዳል፣ 73 ያለው ወደ 58። ስሜን ተራሮች ገብታችሁ ጨነቅ ስትደርሱ ከፍታው 3,600 ሜትር ያልፋል። እዚያ 660 የሚተርፈው 31 ገደማ ነው። 700 ደግሞ 46 አካባቢ ይቀረዋል። በሌላ አነጋገር አዲሱ ሞተር ጨነቅ ላይ ቆሞ፣ አሮጌው ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው ጉልበት ብዙም አያንስም። አውሮፓ ውስጥ የተጻፉ ንጽጽሮች ይህን አይነግሯችሁም፤ እዚያ 3,600 ሜትር ላይ ዕቃ ጭኖ የሚውል የለምና።

ጥሩው ነገር ሁለቱም በኢንጀክሽን፣ ማለትም ነዳጁን በኤሌክትሮኒክስ ለክቶ በሚረጭ ዘዴ፣ ነው የሚሠሩት። ከፍታ በተቀየረ ቁጥር ካርቡራተር መነካካት የለም። ጨነቅን አልፋችሁ የቧሂትን መተላለፊያ ወጥታችሁ ወደ ጃናሞራ ብትወርዱም ሞተሩ ራሱን ያስተካክላል። ጉልበቱ ግን ከየት ይመጣል?

ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አስፓልት ነው። አምባ ጊዮርጊስ ላይ ብርዱ ይጀምራል፣ ዳባት ስትደርሱ ንፋሱ ጎን ለጎን ይመታል። እዚህ መንገድ ላይ ዋናው ሥራ ሲኖትራክ መቅደም ነው። በ660 ከኋላ ያለው ሰውና ዕቃው ተጨምሮ ዳገት ላይ መቅደም ሒሳብ ይጠይቃል። አራተኛ ላይ ጋዝ ብትሰጡት ያስባል። ሦስተኛ ታስገባላችሁ፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ እጀታው እጅ ያደነዝዛል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ያልፋል። በ700 ጋዙን ከፈት ታደርጋላችሁ፣ አለፈ። ለደኅንነት የሚሻለው የቱ እንደሆነ ግልጽ ነው። በዚህ ላይ ማንም አይከራከረኝ።

በቀስታ መንዳት ላይም አዲሱ ይሻላል። 660 በደቂቃ ከ3,000 ዙር በታች ይንተፋተፋል። ገበያ ቀን ሰውና በግ መሀል ስትገቡ ፍሪሲዮን ይዞ መልቀቅ ግድ ነው። ከደባርቅ በሰሜን በኩል ሊማሊሞን ቁልቁል ስትይዙት፣ ያ የጣሊያን ዘመን ጠመዝማዛ ላይ፣ እያንዳንዷ እጥፋት ላይ ይህ ጠባይ ይሰማችኋል። 700 በዝቅተኛ ዙር ለስላሳ ነው፣ ልጅም ይነዳዋል ለማለት ይዳዳኛል።

660 በደጋው ላይ የሚበልጥበት አንድ ነገር የፊት መስታወቱ ነው። ሰፋ ያለ ነው፣ ደረትን ከዳባት ንፋስ ይከላከላል። የ700 ጠባብ ነው። ወፍራም ጃኬት ልበሱ።

ወደ ቆላው ስንዞር ነገሩ ይገለበጣል።

ከጎንደር በአይከልና በሸህዲ በኩል መተማ ዮሐንስ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደርሶ መልስ 360። ሁለቱም ሞተር በልኩ ከተነዱ በ100 ኪሎ ሜትር ከአራት እስከ አራት ተኩል ሊትር ይበላሉ። ዕቃ ሲጫን አራት ተኩሉን ያዙ። 360 ኪሎ ሜትር በዚህ ሒሳብ 16 ሊትር ከምናምን ነው። 660 ጎንደር ሞልታችሁት ሄዳችሁ፣ ተመልሳችሁ፣ ታንኩ ውስጥ ስድስት ሊትር ያህል ይተርፋችኋል። 700 ግን ጎንደር ሳይደርስ ሊቆም ይችላል።

ማደያ በየከተማው ቤንዚን ቢኖረው ይህ ችግር አይባልም ነበር። ችግሩን ሁላችንም እናውቀዋለን። ማደያ ላይ ሲጠፋ መንገድ ዳር በጀሪካንና በሃይላንድ የሚሸጠው አለ። ዋጋው አንድ ነገር ነው፤ ከዚያ የሚብሰው ውስጡ ያለው ነው። ውሃ፣ አቧራ፣ አንዳንዴም ምን እንደሆነ የማይታወቅ ነገር። የኢንጀክሽን ሞተር ይህን አይወድም። ፓምፑ ታንኩ ውስጥ ነው ያለው፣ ቆሻሻ ከገባበት መንገድ ላይ የምታደርጉት ብዙ የለም። ስለዚህ ከጎንደር ሞልቶ ወጥቶ ከጎንደር ነዳጅ ጋር መመለስ ትልቅ ነገር ነው። የግድ ከመንገድ ዳር መግዛት ካለባችሁ በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉት፣ የመጨረሻዋን ጭላጭ ደግሞ አትጨምሩ።

ያማሃም ይህን ቅሬታ ሰምቷል። በ2022 ወርልድ ሬይድ የሚባል የ700 ዓይነት አወጣ። በሁለት ታንክ 23 ሊትር ይይዛል። ክብደቱ ግን 220 ኪሎ፣ ወንበሩም 890 ሚሊ ሜትር ሆነ፣ ዋጋውም ተጨመረ። ዕድል ቀንቷችሁ ካገኛችሁ የዚህን ንጽጽር ግማሹን ርሱት።

የቆላው ሙቀት ለሁለቱም ፈተና ነው። መጋቢትና ሚያዝያ መተማ ከ40 ዲግሪ በላይ ይነዳል። ሁለቱም ራዲያተር አላቸው። ከፊት ስለሆነ የጠጠር መከላከያ ሳያሠሩ ኮረኮንች መግባት ቂልነት ነው።

በነገራችን ላይ፣ ይህ መንገድ ተራ መንገድ አይደለም። ሱዳን ሰላም ሳለች ከካይሮ ኬፕታውን የሚጓዙ ሞተረኞች በመተማ ገብተው ጎንደር ያድሩ ነበር። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተጀመረ ወዲህ ያ ጉዞ ተቋረጠ። ትልልቅ ሞተር ማየትም መግዛትም የለመድነው በእነሱ ነው፤ ለመካኒኮቻችንም ትምህርት ቤት ነበሩ። ወደ መካኒኮቹ እንሂድ።

የማውቃቸው አንድ አዛውንት መካኒክ አሉ። ከድሮዎቹ የእርሻ ሞተሮች ጀምሮ ሲፈቱ የኖሩ ናቸው። ይህን ጥያቄ አቀረብኩላቸው።

«ጋሼ፣ እርስዎ ቢሆኑ የትኛውን ይወስዳሉ?»

«ልጄ፣ ይኼኛውን እዚሁ እጨርሰዋለሁ» አሉ 660ውን እያዩ። «ያኛውን ግን ፈትቼ፣ ዕቃው እስኪመጣ ጨርቅ አለብሰዋለሁ።»

ምን ማለታቸው እንደሆነ የገባኝ የ660ውን ቫልቭ (አየርና ነዳጅ የሚያስገባውን፣ ጭስ የሚያስወጣውን በር) ሲያስተካክሉ አጠገባቸው ቆሜ ነው። ክዳኑን ከፈቱ። ስስ የብረት መለኪያ ቅጠል ከቫልቩ ጫፍ ሥር አስገቡ። ሳብ ሲያደርጓት ላላ ብላ ወጣች። ዳዶውን አላሉ፣ በካቻቢቴ ብሎኗን ትንሽ አዞሩ፣ ቅጠሏን መልሰው ሳቡ። አሁን ትንሽ ያዝ አደረገች። «ይኸው ነው» ብለው ዳዶውን አጠበቁ። አዲስ ዕቃ አልተገዛም።

700 እንዲህ አይደለም። የቫልቩ ልክ የሚስተካከለው ከሥር በምትቀመጥ ትንሽ ክብ ብረት ውፍረት ነው። ልኩ ከተዛባ ካምሻፍቶቹ (ቫልቮቹን የሚገፉት ዘንጎች) ይወርዳሉ፣ ብረቷ ትለካለች፣ ትክክለኛ ውፍረት ያላት ሌላ ተገዝታ ትገባለች። ልዩነቱ በሚሊ ሜትር መቶኛ ነው የሚቆጠረው። ያቺን ቁራጭ ጎንደር ውስጥ ፈልጉ እስቲ። ለ700 ፍትሕ ለመስጠት ያህል ግን፣ ፋብሪካው ቫልቩ ይታይ የሚለው በ40,000 ኪሎ ሜትር ነው፤ ያኔም ብዙ ጊዜ ልኩ ላይ ይገኛል። ለአብዛኞቻችን 40,000 ኪሎ ሜትር ዓመታት ነው። ስለዚህ የጋሼ ስጋት እውነት ሆኖ ሳለ፣ በየወሩ የሚያጋጥም አይደለም።

በመለዋወጫ በኩል ደግሞ ሰው የሚረሳው ነገር አለ። 660 ምርቱ ከቆመ ቆይቷል። ሞተሩን የሚጋሩት ኤክስቲ 660 አርና ኤክስም አብረው አርጅተዋል። የ700 ሞተር ግን ኤምቲ 07ን ጨምሮ በብዙ የያማሃ ሞዴሎች ላይ ያለ ነው፤ ዛሬም በብዛት ይመረታል። ጎንደር ውስጥ የሁለቱም ዕቃ ያው የለም። ከውጭ የሚልክ ወንድም ወይም እህት ካላችሁ ግን ለ700 ማግኘቱ እየቀለለ፣ ለ660 እየከበደ ነው የሚሄደው። ከአምስት ዓመት በኋላ ይህ ሚዛን ከዚህም በላይ ወደ 700 ያደላል።

ጎማ ላይ አትጨነቁ። ሁለቱም ባለ ሽቦ ቸርኬ ናቸው፣ ሁለቱም የውስጥ ጎማ ይጠቀማሉ። የትኛውም ጎሚስታ ይለጥፍላችኋል። የፊቱ በሁለቱም 21 ኢንች ነው። የኋላው በ660 ላይ 17፣ በ700 ላይ 18 ነው። ድሮ በየግብርና ቢሮው የምናያቸው ዲቲ 125 እና ኤክስኤል 125 ከፊት 21፣ ከኋላ 18 ነበሩ። የእነሱ የውስጥ ጎማ ጠበብ ቢልም ለችግር ቀን 700 ላይ ገብቶ ከተማ ያደርሳል። አዲሱ ሞተር ከድሮዎቹ ጋር የሚስማማበት ብቸኛ ቦታ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ባትሪ ግን ጠብቁ። ሁለቱም በእግር የሚረገጥ ማስነሻ የላቸውም። ባትሪው ከደከመ 200 ኪሎ ገፍታችሁ ማስነሳት ነው፤ ሰውና ቁልቁለት ከተገኘ።

ስለ ክብደት ትንሽ ልጨምር፣ ምክንያቱም ሻጭ ሁለቱ እኩል ናቸው ይላችኋል። ሚዛን ላይ ልክ ነው። እግር ላይ አይደለም። የ660 ታንክ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ነው። ሙሉ ሲሆን 17 ኪሎ የሚሆን ቤንዚን ደረታችሁ ፊት ይናጣል። ጎንደር ከተማዋ ራሷ ዳገትና ቁልቁለት ናት። ባጃጅ ድንገት ሲቆምባችሁ ዳገት ላይ አንድ እግር ስታወርዱ፣ ያ እግር በ660 ላይ መሬት ሳያገኝ ሊቀር ይችላል። ቁመታችሁ መካከለኛ ከሆነ የ20 ሚሊ ሜትሯ ልዩነት ቀልድ አይደለችም። ከመግዛታችሁ በፊት ታንኩን ሙሉ አስደርጋችሁ ተቀመጡበት። ባዶውን ሞክሮ የገዛ ሰው ከማደያ ሲወጣ ሌላ ሞተር ነው የሚያገኘው።

ክረምት ላይ 660 አንድ ነጥብ ይወስዳል። ሁለቱ ማርሚታዎቹ ከወንበሩ ሥር ከፍ ብለው ነው ያሉት። ወንዝ ስትሻገሩ ውሃ አይነካቸውም። የጎን ሻንጣ ስትሰቅሉ ግን ቦታ ይሻማሉ፣ ላስቲክ ነገር ካስጠጋችሁም ያቀልጣሉ።

አሁን 700 ለመግዛት ለወሰናችሁ። ሁሉም 700 አንድ አይደለም። ከ2019 እስከ 2024 የተሠሩት ጋዛቸው በገመድ ነው የሚሳበው። ጎማ እንዳይቆለፍ ከሚከላከለው የፍሬን መቆጣጠሪያ (ኤቢኤስ) ሌላ ይህ ነው የሚባል ኤሌክትሮኒክስ የላቸውም። በ2023 ባለ አምስት ኢንች ባለ ቀለም ስክሪን ተጨመረ፣ የኋላውን ፍሬን ብቻ ከመቆጣጠሪያው ነፃ ማድረግም ተቻለ። ይህ ኮረኮንች ቁልቁለት ላይ በጣም ይጠቅማል። የ2025ቱ ግን ሌላ ነገር ነው። ጋዙ በኤሌክትሮኒክስ ሆኗል፣ የጎማ መንሸራተት መቆጣጠሪያ አለው፣ የአነዳድ ምርጫዎች አሉት፣ ስክሪኑም ገዝፏል። ለሚላን ጥሩ ነው። እኔ ለጎንደር ከ2025ቱ የ2023ቱን እመርጣለሁ። ገመድ ከተበጠሰ የትም ይሠራል። ሴንሰር ከተበላሸ መጀመሪያ መበላሸቱን የሚነግራችሁ ኮምፒውተር መፈለግ አለባችሁ። እውነቱን ለመናገር ከ660 እና ከ700 ልዩነት ይልቅ ለጋራዦቻችን ትልቁ ገደል በ2024 እና በ2025 መካከል ያለው ነው።

እንግዲህ ማን የቱን ይውሰድ? በብዛት ወደ ቆላ የምትወርዱ፣ ዕቃ የምትጭኑ፣ ከውጭ ዕቃ የሚልክላችሁ የሌላችሁ፣ ቁመታችሁም የሚፈቅድ ከሆነ 660ውን ውሰዱ። ጥሩ ሆኖ የተያዘ መሆን አለበት። ወደ ደባርቅና ስሜን የምታዘወትሩ፣ ከኋላ ሰው የምትጭኑ፣ ውጭ አገር ዘመድ ያላችሁ ከሆነ 700ው ይገባችኋል፤ አምስት ሊትር የሚይዝ ጠንካራ የነዳጅ ጀሪካን ጨምሩበት። አንድ ጉዳይ ላይ ግን ሁላችሁም ወደ 700 ሂዱ፦ 660ው ብዙ የሠራ ከሆነና የዋጋው ልዩነት ጠባብ ከሆነ። የአንድ ፒስቶን ሞተር ሙሉ እድሳት፣ ዕቃው ከውጭ መጥቶ፣ ያቺን የቆጠባችሁትን ልዩነት ሙልጭ አድርጎ ይበላል።

ዋጋ በብር አልጻፍኩም፣ ሆን ብዬ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብሩ በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ አምና የሰማችሁት ዋጋ ዘንድሮ አይሠራም። የዛሬውን ከሦስት አራት ሰው ጠይቁ፣ ከደላላ ብቻ አትስሙ።

ከውጭ አስመጣለሁ የምትሉ ደግሞ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ጉምሩክ ሂዱ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን ታስታውሳላችሁ። ለሞተር ሳይክል ዛሬ ምን እንደሚሠራና ቀረጡ ስንት እንደሚመጣ ከራሳቸው አፍ ስሙ። ከከተማ ከመውጣታችሁ በፊትም የትኛው መንገድ ክፍት እንደሆነ፣ ሞተር እንደሚፈቀድና እንደማይፈቀድ በዚያው ቀን አጣሩ። የትናንት ወሬ ለዛሬ አይሆንም። ስሜን ፓርክ ለመግባት ደግሞ ደባርቅ ካለው ጽሕፈት ቤት ፈቃድ አውጡ።

እዚሁ ያለ ሞተር ከሆነ የምትገዙት ወረቀቱን ከሞተሩ በፊት እዩ። አንዳንዱ ትልቅ ሞተር በቱሪስት እጅ፣ በጊዜያዊ ፈቃድ፣ ቀረጥ ሳይከፈልበት የገባ ነው። እንዲህ ያለው ተመልሶ እንዲወጣ እንጂ እንዲሸጥ አልተፈቀደም። ዲክላራሲዮኑን (የጉምሩክ ወረቀቱን) ጠይቁ። ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከብረቱ ላይ ካለው ጋር አንድ በአንድ አስተያዩ፤ በሻጩ ስልክ ፎቶ ሳይሆን ጎንበስ ብላችሁ፣ በጨርቅ ጠርጋችሁ። ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድን ካለፈበት ከዋጋው ላይ ይቀነስ። ቁጥሩ ካልገጠመ ግን 660ም ይሁን 700 አትንኩ። ደላላው «ችግር የለውም፣ እኛ እናስተካክለዋለን» ካላችሁ ሻይ ጠጥታችሁ ውጡ። የሻዩን ሒሳብ እሱ ይክፈል።